ሳልመረጥ ስለ መመረቄ

ሰኔ 4 ቀን

ለድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጥፋት ሳይገኝብኝ በምርቃት ምክንያት ከዕጩነት መሰረዜ ተነሥቶልኝ፣ የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ እስኪያልፍ ድረስ ተማሪ ሆኜ እንድቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ዲን፣

እኔ አመልካች በእህል አያያዝ ትምህርት ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ወይም እስካለፈው ወር ድረስ ነበርኩ። ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ እንዲወስኑልኝ ነው ደጅዎን የምጠናው። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚገባው አቤቱታ አብዛኛው «አላስመርቅ አሉኝ» የሚል መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ከዚህ ቀደም እንዲሁ እያልኩ ደጋግሜ ጽፌ ነበር፤ መልስ አልደረሰኝም። የዛሬው አቤቱታዬ ግን «በድንገት አስመረቁኝ» የሚል ነው። ነገሩ ግራ ቢያጋባዎ አይፈረድብዎትም፤ ባለቤቴንም ግራ አጋብቶታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

1. የምርምር ሥራዬ በነቀዝ ላይ ነው። በቆሎ ውስጥ ገብቶ ፍሬውን ባዶ ቀፎ የሚያደርገውን ነቀዝ ያለ መርዝ እንዴት መግታት እንደሚቻል አጠናለሁ። ለዚህም ሲባል በቤተ ሙከራው ምድር ቤት፣ ቧንቧ በሚያንጠባጥብበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ደርድሬ ነቀዝ አረባለሁ። ሰው የሚያባርረውን እኔ እቀልባለሁ። ሙከራው በሁለተኛው ዓመት አልቋል፤ ጽሑፉም በሦስተኛው። ከዚያ ወዲህ የነበረው መጠበቅ ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ለአማካሪዬ ሳስረክብ በሕይወት የነበሩት ነቀዞች የልጅ ልጆቻቸውን አይተው ሞተዋል።

2. አማካሪዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ አስቀድሞ ይመዝገብልኝ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ልጄን በስሟ ጠርተው «እንዴት ናት?» ይላሉ። ታምሜ ሳለሁ ቤት ድረስ ደውለው ጠይቀውኛል። የማይሆንላቸው ማንበብ ብቻ ነው። «ፕሮፌሰር፣ ጽሑፌን አዩልኝ?» ስላቸው «እያየሁት ነው» ይሉኛል። አልዋሹም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ስለሆነ በየቀኑ ያዩታል። አንድ ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ አጣሁት። ለካስ አልዘጋ ያለውን መስኮት ደግፎ ቆሟል። ምርምሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጥቅም ዋለ ብዬ ተጽናናሁ። መቸኮሌን ሲያዩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። በእኔ በኩል እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶም ነበር። ተማሪዎች ያወጡላቸውን ቅጽል ስም እዚህ መጻፍ ነውር ቢሆንም ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ለመግለጽ እገደዳለሁ፤ «ነገ» ነው የሚባሉት።

3. በምርጫ መወዳደር በሐሳቤም አልነበረ። እዚህ ውስጥ ያስገባኝ የአንዲት ጓደኛዬ መውጣት ነው። ከእኔ ምድር ቤት ቀጥሎ ባለው ክፍል ከቅጠል የጨርቅ ቀለም የምታወጣ ልጅ ነበረች። ጣቶቿ አንድም ቀን ከቀለም ጠድተው አያውቁም፤ ከመናገር መስማት ስለምትወድ «ዝምታ» ብለናት ቀረ። ጽሑፏን ለአማካሪዋ ሰጥታ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ለትምህርቱ የተፈቀደው የጊዜ ገደብ አለፈባት። የተሰጣት ደብዳቤ «ትምህርትዎን በወቅቱ ባለማጠናቀቅዎ» ብሎ ይጀምራል። ዕቃዋን በካርቶን ጠቅልላ ስትወጣ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። አላለቀሰችም። «መጥፎ ነው ብለው ቢመልሱልኝ እኮ አስተካክለው ነበር» ብላኝ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ከበሩ ስመለስ ወደ ነቀዞቼ አልሄድኩም። በቀጥታ ምርጫ አስፈጻሚ ኮሚቴው ቢሮ ገብቼ ለድህረ ምረቃ ተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት ተመዘገብኩ።

4. የገባሁት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ምዕራፍ የተቀበለ አማካሪ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ፤ ካልሰጠ ጽሑፉ ለሌላ አንባቢ ይተላለፍ። መፈክሬም «ይነበብልን» የሚል ነበር። ተፎካካሪዬ የማስተርስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነ፣ «ሳቂታው» የሚባል ደስ የሚል ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ለማረፊያ ክፍላችን የጠረጴዛ ቴኒስ ሊያስገባ ቃል ገባ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የሚያጨበጭብለት ይበዛ ነበር።

በቅስቀሳው ቀን አዳራሹ ፊት ቆምኩ። የፈራሁት «ምረጡኝ» ማለት ያሳፍራል ብዬ ነበር፤ ለካስ ለዓመታት «አንብቡኝ» እያለ ሲለምን የኖረ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያሳፍረው የለም። ተናግሬ ስጨርስ ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «አማካሪሽ ማን ናቸው?» አለኝ። የሰው ስም በአደባባይ ማንሣት ተገቢ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። አዳራሹ ግን በአንድ አፍ «ነገ!» ብሎ መለሰልኝ። ያ ሳቅ የመምህራን ክበብ ድረስ መሰማቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

5. ጥቂት ቀን አለፈና አማካሪዬ ደወሉልኝ። ለጽሑፌ ብለው ሲደውሉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። «ልጄ፣ ጨረስኩ» አሉኝ። «ምኑን ነው የጨረሱት ፕሮፌሰር?» ብላቸው፣ «አንቺን!» አሉኝ።

ቢሮአቸው ስደርስ ጽሑፌ አቧራው ተጠርጎለት ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ መነጽራቸው። ከዳር እስከ ዳር የሰጡኝ እርማት አንድ ነው፤ መግቢያው ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ አራት ነጥብ ጎድሎ ኖሯል። «ግሩም ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ፈታኞች ፊት ዲፌንስሽ ነው፤ ተዘጋጂ» አሉኝ። አመስግኜ ልወጣ ስል መስኮቱን አየሁት። በሌላ ተማሪ ምዕራፍ ተደግፏል።

6. ዲፌንሱ በተባለው ቀን ተካሄደ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ለዓመት «ውጭ አገር ናቸው» ይባሉ የነበሩት ሰው፣ ቀድመውኝ ደርሰው ሻይ ይጠጡ ነበር። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እጁን ደጋግሞ በሳሙና ፈትጎ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላ ተቀመጠ፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ አጨበጨበና ሰው ዞሮ አየው። የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ጠዋት ጽሑፌን ስገልጥ አምስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ያለውን ዋናውን ሠንጠረዥ ማተሚያ ቤቱ በሁሉም ቅጂ ላይ ገልብጦ አትሞት አገኘሁ። አምስተኛው ምዕራፍ የሥራዬ ልብ ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ የምዕራፉ ልብ። ገና ሲጠይቁኝ ይቅርታ ልል ተዘጋጅቼ ገባሁ።

ማንም አልጠየቀኝም። ሁለቱም ፈታኞች ጽሑፉን በጥልቀት መመርመራቸውን ተናገሩ፤ አንደኛው እንዲያውም አምስተኛውን ምዕራፍ ለይተው አመሰገኑ። ከዚያ «ለመሆኑ ነቀዝ ይበርራል?» ብለው ጠየቁኝ። «አንዳንዱ ይበርራል» አልኳቸው። አለፍኩ።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ባለቤቴ ሲያቅፈኝ አልቅሼ ሸሚዙን አበላሸሁበት። ግን እያለቀስኩም አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ አለፍኩ እንጂ አልተነበብኩም።

7. በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከምርጫ አስፈጻሚ ኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰኝ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ትምህርትዎን በስኬት በማጠናቀቅዎ የተሰማንን ታላቅ ደስታ እየገለጽን፣ ከዕጩነት የሰረዝንዎት መሆኑን እናስታውቃለን።» በዚህ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ የፈጠነ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

8. ደብዳቤውን ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። «ሆን ብለው ነው አይደል?» አልኳቸው። በዚያ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ስሚ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያንብቡልኝ እያልሽ ስታስጨንቂኝ ኖርሽ። ይኸው አነበብኩልሽ። አሁን ደግሞ ለምን አነበቡ ትይኛለሽ። ሰው ምን ቢያደርግልሽ ነው ደስ የሚልሽ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶኝ ነበር። ምክር ቤት ገብታ እኛን ከምታነበን አንተው አንብባትና ትሂድ አለኝ። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል። ሴት ልጄ እዚሁ ግቢ ነው የምትማረው፤ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ነበረች። ማታ እራት ላይ ቀና ብላ ሳታየኝ ቀረች።»

ይህን ሲሉ እውነቴን ነው የምልዎ፣ አዘንኩላቸው። ለመጣላት የሄድኩት ሴትዮ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አምስተኛውን ምዕራፍስ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው በመጨረሻ፣ ቀስ ብዬ። «ግሩም ነው» አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

9. ወሬው በግቢው ሲናኝ ሰው የተረዳው እኔ ባሰብኩት መንገድ አልነበረም። «ተሰረዘች» ብሎ የተቆጨልኝ የለም፤ «ተነበበች!» ነው የተባለው። በማግሥቱ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ጺሙ ሽበት እስኪያበቅል የቆየው፣ «ሽማግሌው» የምንለው ተማሪ ለፕሬዚዳንትነት ተመዘገበ። ይህ ሰው በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ማስታወቂያው ላይ ፎቶግራፉና «እኔም አለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ቅዳሜ ለጠፈው፤ ሰኞ ሁለተኛው ምዕራፉ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ተመለሰለት። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ወረቀቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል። «እይልኝ እስቲ! ‹ይህ አባባል የማይረባ ነው› ብለው ጽፈውልኛል! እዚህ ጋ ደግሞ ‹ምን ማለትህ ነው?› ብለውኛል!» እያለ ገጽ በገጽ አሳየኝ። ሰው ሲሰደብ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ኮሚቴው በሚገባ ያውቀዋል። ከሂሳብ፣ ከታሪክ፣ ከግንባታ ምህንድስና፣ ምዕራፉ የታሰረበት ሁሉ ዕጩ ሆነ። አንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪ «ከመውለዴ በፊት» የሚል መፈክር ለጠፈች። መራጭ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሁሉ ተመራጭ ሆነ። የመምህራን ክበብ ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ፤ አስተናጋጁን «ምነው፣ የት ሄዱ?» ብዬ ስጠይቀው «እያነበቡ ነው አሉ፤ ምን መዓት እንደመጣ እንጃ» አለኝ።

10. ኮሚቴው ምዝገባውን ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ዘጋው። ምክንያቱን ሲያስረዳም «ዕጩነት ለንባብ ማስፈጸሚያ መዋል የለበትም» አለ። ተነብበው ያለፉት እንደ እኔው በምርቃት ተሰረዙ። እርማት የደረሳቸው ደግሞ አርፈው ሊያርሙ በገዛ ፈቃዳቸው ወጡ። አሁን በምርጫው የቀረው ሳቂታው ብቻ ነው። እሱ እስካሁን አንድ ገጽ ስላልጻፈ ማንም ሊያነበውም ሆነ ሊያስመርቀው አይችልም። ባለፈው ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ አግኝቶኝ፣ «እኅቴ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ብዬ ነው የገባሁት። በእውነት ፕሬዚዳንት ሊያደርጉኝ ነው፤ እባክሽ ተመለሽልኝ» ብሎ ለምኖኛል። ከገባበት ቀን ጀምሮ ሳይስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ቢያልፍ አቤት ባላልኩም ነበር። ግን ምዝገባው በተዘጋ በሳምንቱ ሽማግሌው ሦስተኛውን ምዕራፍ ይዞ ወደ አማካሪው ሄደ። «እስቲ እዚያ ጋ አስቀምጠው» ተባለ። አስቀመጠው። ነፍሰ ጡሯ ልጅም ወልዳለች፤ ምዕራፏ ግን አልተመለሰላትም። የመምህራን ክበብ ወንበሮች እንደገና ሞልተዋል።

11. ተማሪ ነኝ ወይስ አይደለሁም ለሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች የተለያየ መልስ አላቸው። ኮሚቴው «አይደለሽም» ይላል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን መልቀቂያ ልትፈርምልኝ እምቢ ብላለች። «በስምሽ የተመዘገበ ንብረት አለ፤ ነቀዞቹን ቆጥረሽ እስክታስረክቢ ድረስ ተማሪያችን ነሽ፣ የትም አትሄጂም» ነው የምትለኝ። እኔ አንዱን ጠርሙስ ቆጥሬ ወደ ሌላው ስዞር እነሱ ይዋለዳሉና ቆጠራው መቼ እንደሚያልቅ ለክቡርነትዎ መግለጽ አልችልም። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ በንብረት ለመጠየቅ ሲሆን ተማሪ፣ ለመመረጥ ሲሆን እንግዳ መሆን ይቻል እንደሆነ ሕጉን ለሚያውቁት ለእርስዎ እተወዋለሁ።

መንገድ ያሳየችኝ የሬጅስትራር ጸሐፊዋ ናት። ምርቃቴ የሚጸድቀው የትምህርት ጉባኤው ሲቀመጥ እንደሆነ፣ ጉባኤው የሚቀመጠውም ከምርጫው በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። «አንቺ ራስሽ በጽሑፍ ከጠየቅሽ ከዚህ ዙር ስምሽ ይወጣል፤ ተማሪ ሆነሽ ትቆያለሽ። ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ ጤነኛ ሰው አይጠይቅም» አለችኝ። ደጋግሜ እንዳስብበትም መከረችኝ። አሰብኩበት።

12. የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ አልደብቅም። አንድ የእህል መጋዘን ድርጅት የምስክር ወረቀቴን ይዤ እንደመጣሁ ሊቀጥረኝ ቦታ ይዞልኛል፤ ከዘገየሁ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል። ለባለቤቴ ነገሩን ስነግረው የያዘውን ሞተር መፍታቱን ቀጠለ። በኋላ «ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሁሽ ሰውዬ ለአንድ ምርጫ ምን እሆናለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልስመው ስል ግን «ለእናቴ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ» አለ።

ይህ ከዲፌንሱ ይከብዳል። አማቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ምራቴ ዶክተር ሆነች» ብለው ስለነገሩ፣ ጎረቤቶች ጉልበታቸውንና ጆሯቸውን ይዘው መምጣት ጀምረው ነበር። የነቀዝ ዶክተር መሆኔን ባስረዳቸውም «በሽታ በሽታ ነው» ይሉኛል። ማዕድ ቤት ገብቼ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ጓደኛዬ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ተገለበጠው ሠንጠረዥ ሳይቀር። ሽንኩርቱን እየከተፉ ሰሙኝ። «ማሸነፍሽ እርግጥ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማዬ» አልኳቸው። «ብትሸነፊስ ዶክተርነቱ ይቀራል?» «አይቀርም፤ ይዘገያል እንጂ።» ቢላዋውን አስቀመጡና እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። «እንግዲያው ሂጂ ተወዳደሪ» አሉኝ፤ «የጎረቤታችንን የአልማዝን ጉልበት እኔ በቅባት አሽላታለሁ።»

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ስሜ በዚህ ዙር ለምርቃት ከሚቀርቡት መካከል ወጥቶ፣ ተማሪነቴ ተረጋግጦ፣ ወደ ዕጩነቴ እንድመለስ እንዲታዘዝልኝ።

ለ. ያለ ጊዜው የተዘጋው የዕጩዎች ምዝገባ እንዲከፈት። ኮሚቴው ይህን ካልወደደ ደግሞ ሰው ዕጩ ሳይሆንም የሚነበብበት ሌላ መንገድ ካለው ይግለጽልን፤ እኛ ፈልገን አላገኘንም።

ሐ. በዚህ መካከል ጽሑፌን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚያነብ አንድ ሰው እንዲመደብልኝ። ወዳጅ ባይሆን እመርጣለሁ።

መ. በምርጫው ከተሸነፍኩ በዚያው ዕለት ያስመርቁኝ፤ አንድ ቃል አልናገርም። ካሸነፍኩ ግን፣ የሥራ ዘመኔ እስኪፈጸም ድረስ፣ ማንም የዩኒቨርሲቲው ባልደረባ በማናቸውም ዓይነት ቅንነት ተነሣሥቶ እንዳያስመርቀኝ ጥብቅ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ውሳኔዎን በለመድኩት ትዕግሥት ሳይሆን በጉጉት እየጠበቅሁ፣

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የዶክትሬት ተማሪ፤ ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ